የማሱኤ ቦታ

«እሱ ገና አልተነገረውም» አለች እትዬ ኖሪኤ፣ የታላቅ ወንድሜ ሚስት፣ ከአውቶቡሱ መተላለፊያ ማዶ ለተቀመጠች ሴትዮ። «ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ይነግረዋል። እኛ ለራሳችንማ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለውን ነው የያዝነው። እዚህ ተራራ ድረስ ማን ይመላለሳል?» ይህን ስትል ድምፅዋን እንኳ አልቀነሰችም። ዕድሜዬን በሠራሁበት የብሎን ፋብሪካ መቀጥቀጫው የቀኝ ጆሮዬን በልቶታል፤ ግራው ግን ደህና ነው። እሷ ሁለቱንም ደንቆሮ አድርጋ ከቆጠረችኝ ቆይታለች። የደንቆሮነት ጥቅሙ ይሄ ነው፤ የሚንቁህ ሰዎች እንደ ወንበር እያዩህ ሆዳቸውን ፊትህ ይዘረግፋሉ። እኔም ያኔ ነገሩ በትክክል አልገባኝም። ከጣቢያው አጠገብ ያዝን ስትል አፓርታማ የገዙ መሰለኝና «ደግሞ ሌላ ቤት!» ብዬ በሆዴ አንገበገበኝ። ወንድሜ ጋሼ ኩኒሂኮ ከመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል። እንቅልፍ እንዳልወሰደው አውቃለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ የሚተኛ ሰው ነው።

ከኦሳካ የወጣነው በማለዳ ነው። የከተማው ፎቆች አልቀው የናራ ተራሮች ሲጀምሩ አስጎብኚዋ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ታካያሱ የምትባል ቀጭን ሴት፣ ማይክሮፎኗን ይዛ ቆመችና ስለ ዝግባው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ዛሬው የአየር ጠባይ አወራች። ቀጥላም ዘፈነች። ሁለት ቤተ መቅደስ፣ አንድ ፏፏቴ፣ ምሳ፣ በጨው የተዘፈዘፈ ጎመን መሸጫ ሱቅ፣ ሁሉም በሦስት ሺህ የን። ከእኛ ሰፈር ጣቢያ አጠገብ አንድ ሰሃን ሩዝ በዓሣና አንድ ብርጭቆ ቢራ ከወሰድክ የዚያን ግማሽ ትከፍላለህ። ርካሽ ነገር ከጀርባው ሌላ ከፋይ እንዳለው ማወቅ ነበረብኝ። ግን የጋበዘኝ ወንድሜ ነው። ስልክ ደውሎ «ኢሳሙ፣ ፏፏቴ እናሳይህ። የማሱኤንም ጉዳይ በዚያው እናወራለን» ሲለኝ ከዋጋው ይልቅ የሰማሁት የመጨረሻውን ነበር።

ማሱኤ ሚስቴ ናት። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሬሳዋ ተቃጥሎ የቀረው አጥንቷ ግን እስካሁን በነጭ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ እኔ ክፍል ካለው ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነች ስተኛ እግሬ የቁም ሣጥኑን በር ይነካል። በበጋ ሙቀቱ ከጣሪያው ሲወርድ እሷ ከእኔ በላይ ትሞቃለች ብዬ የአየር ማራገቢያውን ወደ ላይ አዞርላታለሁ። የቤተሰባችን መቃብር ያለው ካሺዋራ ኮረብታ ላይ፣ ከወይን እርሻው በላይ ነው። አባቴና እናቴ እዚያ ናቸው። ድንጋዩ ግን የበኩር ልጅ ነው፤ ሁለተኛ ልጅ የራሱን ድንጋይ ያቁም ይባላል። ደንቡን አውቃለሁ። ደንቡ ለእኔ ሲሆን ብረት፣ ለወንድሜ ሲሆን ጎማ መሆኑንም አውቃለሁ። እሱ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ብሎን ፋብሪካ ስገባ ሁለተኛ ልጅ ነህና አያገባህም ያለኝ የለም። እናታችን ሽባ ሆና ስትተኛም ያስታመመቻት የበኩር ልጅ ሚስት አይደለችም፤ ማሱኤ ናት። «አንድ ጥግ ስጣትና ከእማማ ጋር ትሁን» ብዬ ሦስት ጊዜ ለምኜዋለሁ። ሦስቴም «እናስብበት» ነው መልሱ። እንግዲህ አስቦበት ይሆናል ብዬ ያለችኝን አንድ ሙሉ ልብስ ለበስኩ፤ ከድሮው ጣፋጭ ቤትም ጥሩውን የባቄላ ጣፋጭ በማሸጊያ ወረቀቱ አስጠቅልዬ መጣሁ። እትዬ ኖሪኤ አውቶቡስ ስንገባ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ ጎንበስ አለች፣ «ምነው ተቸገርክ» አለችና ከወንበሯ ሥር በእግሯ ገፋ አደረገችው።

የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ደረጃው ረጅም ነበር። ጉልበት ያለው ወጣ፣ የሌለው ከታች ሆኖ ሻይ ጠጣ። የታካያሱ ቢጫ ባንዲራ ከዛፎቹ መሃል እየታየች እየጠፋች ትሄዳለች፤ እኛም እንደ ዳክዬ ጫጩት እንከተላለን። የሄድንበትን ያህል እንኳ ሳንቆም «ውድ እንግዶቻችን፣ እንመለስ» ተባለ። ከሽንት ቤቱ ፊት ተሰልፈን ሳለ ከኋላዬ የነበረ፣ ቆዳው እንደ ደረቀ ተምር የተጨማደደ ሽማግሌ በግራዬ በኩል ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ።

«አንተስ ወንድሜ፣ የትኛውን አሰብክ? ከዛፍ ሥር ነው ወይስ ከሁሉም ጋር በጋራ?»

«የቱ ዛፍ?»

«መግቢያህን ነዋ! እኔ ዛፉን እወዳለሁ፣ ጥላ ነው። ሚስቴ ግን ዛፍ ትል አለው አለችኝ። አንቺ ሴት፣ አመድ ሆነሽ ትል ምን ይበላሻል ብላት አኮረፈች።» ብቻውን ስቆ ስቆ ፊቴን ሲያይ አቆመ። «ለመሆኑ ምን ብለውህ ነው የመጣኸው?»

«ፏፏቴ ለማየት።»

«ወይ ጉድ! ፏፏቴውማ ማባያ ነው። ወጡ ሌላ ነው። መቃብር ሊሸጡልን ነው እኮ የሚያዞሩን፤ ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ጋ። ምሳው እንዲህ የረከሰው ለምን መሰለህ?»

ተራዬ ደርሶ ገባሁ፣ ግን ሽንቴ እምቢ አለኝ። ቆሜ ግድግዳውን አየሁ። ገባኝ አልኩ ለራሴ። ማሱኤን እዚህ ሊጥሏት ነው። ካሺዋራ ከእማማ አጠገብ እንዳትገባ፣ እኔም አራተኛ ጊዜ እንዳልለምን፣ ሰው የማይደርስበት ተራራ ላይ ርካሽ ቦታ ፈልገውልኛል። በደግነት ስም። ጋሼ ይሄን ይችልበታል፤ ባንክ ቤት አርባ ዓመት ሲሠራ የተማረው ሰውን በትሕትና መከልከል ነው። ጎንበስ ብሎ ሲከለክልህ አመስግነህ ትወጣለህ።

ምሳው ከጎመን ሱቁ በላይ ባለ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነበር። በየፊታችን የተከፋፈለ ሣጥን ተቀመጠ፤ ሩዝ፣ አንድ ቁራጭ ዓሣ፣ የተቀቀለ የቀርከሃ ቡቃያ፣ ጨው የበዛው ጎመን። ሦስታችን ከግድግዳው ጥግ ተቀመጥን። ምንጣፉ አዲስ ነው፣ ሣር ሣር ይሸታል። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሰዎች የደም ግፊት ኪኒናቸውን እያወዳደሩ ይሳሳቃሉ፤ የእኛ ጠረጴዛ ላይ የሚሰማው የጋሼ ጥርስ ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ቀጭ ቀጭ ይላል። እትዬ ኖሪኤ ከራሷ ሣጥን ቀርከሃውን አንስታ ወደ እኔ ሣጥን አዛወረች። «ትወዳለህ አይደል?» አለች። ቀርከሃ የሚወደው ጋሼ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት የእኔንና የባሏን አፍ አትለይም። አልበላሁትም። ሻዩ መጣ፣ ተቀዳ፣ ቀዘቀዘ።  እኛ ቤት ዝምታ ማለት አንዱ የሆነ ነገር እንዲናገር ሌሎቹ ሲጠብቁ አይደለም፤ ማንም እንዳይናገር ሁሉም ሲጠባበቁ ነው።

በመጨረሻ አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ማሱኤን እዚህ ልታስጥላት ነው?»

ጥርሱ ቆመ። «ብላ መጀመሪያ።»

«በልቻለሁ።»

«ቀርከሃውን አልበላህም» አለች እትዬ ኖሪኤ።

«ከፏፏቴው በኋላ እናወራለን» አለ ጋሼ፣ ጽዋውን እያየ። «ሰው መሃል ነን።»

ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ ከወንዙ ጎን ነው፣ ድንጋዩ ሙልጭልጭ ያለ። ጋሼ ጉልበቱን ያመዋልና በየመታጠፊያው ያርፋል። እኔም አብሬው እቆማለሁ። ሲደርሱ ውሃው ከጥቁሩ ገደል ላይ እየተወረወረ ከታች ያለውን ኩሬ ይደበድባል፤ ድምፁ ልክ እንደ ፋብሪካችን መቀጥቀጫ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ነው። ጋሼ ሊነግረኝ የመረጠው እዚህ ነበር። ለምን እንደመረጠው ኋላ ነው የገባኝ። የውሃው ድምፅ ቃሉን ከሰው እንዲሸፍንለት ነው። የኔን ጆሮ ግን አላሰበበትም። እሱ መቼም እኔን ደንቆሮ ያደረገኝን ሥራ አስቦት አያውቅም።

ባርኔጣውን አወለቀ፣ እጁን ከጎኑ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ፣ ተናገረም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ አልሰማሁም።

«ምን?»

ጠጋ አለና ጮኸ። «መቃብሩን ዘጋነው!»

ይህን ሰምቼዋለሁ። ግን «ምን?» አልኩት ደግሜ። ይቅር ይበለኝና ደስ እያለኝ ነው ያልኩት።

«የካሺዋራውን መቃብር ዘጋነው! ድንጋዩን አፈረስነው! መሬቱን መለስን!» ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ነበር የጮኸው። ፎቶ የሚነሱት ሴቶች ዞሩ። ያ የሽንት ቤቱ ሽማግሌ ዞረ። ታካያሱ ባንዲራዋን ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። ወንድሜ፣ ጎረቤት እንዳይሰማው ቴሌቪዥኑን እንኳ ከፍ የማያደርገው ሰው፣ ነውራችንን ለተራራው ሁሉ ነገረ።

«እማማስ?»

«እዚህ ናት! ሁለቱም! ባለፈው ወር አመጣናቸው!»

የውሃው ብናኝ ፊታችንን አራሰው። የእኔ መነጽር ጠብ ጠብ ይላል። ክንዴን ይዞ ከውሃው አራቀኝና በተራ ድምፅ ምክንያቱን ደረደረው። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ተድራ ፉኩኦካ ገብታለች። አረሙን ማን ይነቅላል፣ የዓመቱን መዋጮ ማን ይከፍላል? የእሱም ጉልበት ከእንግዲህ ያንን ኮረብታ አይወጣም። «አንተም ልጅ የለህም» አለኝ። ሁሉም እውነት ነው። ሰው ሲበድልህ በእውነት ብቻ ከበደለህ የምትይዝበት የለህም።

«ሳትጠራኝ?»

«አንተን ማስቸገር...»

«እናቴን ከጉድጓድ ስታወጣት እኔን ማስቸገር ነው?»

ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ።  

ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ከፏፏቴው በታች ነው፤ ዋናውን አዳራሽ ማንም አላየውም፣ በቀጥታ ወደ ጓሮው ወሰዱን። አዲስ የተጠረበ ድንጋይ፣ አዲስ የተተከለ ዛፍ፣ አዲስ አግዳሚ ወንበር፤ የሆቴል ግቢ ይመስላል። ጥቁር ልብስ የለበሰ፣ ጸጉሩ በቅባት የተኛ ወጣት ሠራተኛ ተቀበለን። ዛፉ ስንት እንደሆነ፣ ለብቻ የሚቀመጡት ስንት እንደሆኑ፣ ለሁሉም ዋጋውን ነገረን። ከሁሉ የሚረክሰው የሁሉም አጥንት አብሮ የሚገባበት የጋራው ነው። ክብ ድንጋይ፣ ከላዩ የምሕረት እናት ምስል፣ ከምስሏ እግር ሥር የጉድጓድ ክዳን የመሰለ የብረት መዝጊያ። ለማሳያ ከፈተው። ሰዎቹ ተራ በተራ አንገታቸውን አስግገው አዩ። እኔም አየሁ። ነጭና ቢጫ ስባሪ፣ ልክ እንደ ጠጠር ክምር፤ የየትኛው ሰው የቱ እንደሆነ አይለይም። ከማሰሮው ይገለበጥና ያበቃል አለ ልጁ፣ እንደዚያ አላለም እንጂ፤ «ወደ ምድር እንመልሳቸዋለን» ነው ያለው።

«ኋላ ቤተሰቡ ቢጸጸትና ማውጣት ቢፈልግስ?» አለ ያ ሽማግሌ።

«አዝናለሁ አባባ፣ አይቻልም። አንድ ሆነዋል።»

እትዬ ኖሪኤ በዚህ መሃል ወደ ልጁ ሄደች። ከቦርሳዋ በወረቀቱ የተጠቀለለውን የእኔን ጣፋጭ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። «ባለፈው ለእናታችን ስላደረጋችሁት ሁሉ» አለችው። ልጁ ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ወረቀቱ እንኳ አልተቀደደም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ሰው እንደሚያጽናና ሰው ፈገግ አለችና «እይ፣ ኢሳሙ፣ እንዲህ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። በኩር ልጅ፣ ሁለተኛ ልጅ የሚባል ነገር ቀረ። ማሱኤም ከእማማ ጋር ትሆንልሃለች። ጋሼህ ለእሷም ለአንተም ቦታ አስይዞላችኋል። ሁላችንም እኩል ሆንን» አለችኝ።

«እናንተስ?» አልኳት።

«እኛ ምን?»

«ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የያዛችሁት ምንድን ነው?»

ፈገግታዋ ከፊቷ ሳይወርድ ደረቀ። ጋሼ እሷን አያት፣ ከዚያ እኔን። «ሰምተሃል?»

«በግራ ጆሮዬ።»

ያኔ ተናዘዘ፤ እንደ ባንክ ሠራተኛ፣ በዝርዝር። ከጣቢያው ፊት ያለ የአጥንት ማስቀመጫ ሕንፃ ነው፣ ስድስተኛ ፎቅ። ልጃቸው ከፉኩኦካ በፈጣኑ ባቡር መጥታ ሳትርቅ እንድትጎበኛቸው ነው። ካርድ ሲያስገቡ ማሰሮው በማሽን እየተጎተተ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ስማቸው ያለበት፣ ለብቻቸው። በፋብሪካችን እንደዚያ ያለ ተንሸራታች ማመላለሻ ነበረ፤ ብሎኑን ወደ ማሸጊያው የሚያደርስ። በየሁለት ሳምንቱ ነክሶ ይቆም ነበር። ይህን ልነግረው አሰብኩና ተውኩት። ይንከስባቸው።

የሚቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ የማሱኤ። እምቢ ብዬ ወደ ቁም ሣጥኑ ላይ ልመልሳት እችላለሁ። እኔ ስሞት ቤት አከራዩ ሁለታችንንም ለማዘጋጃ ቤት ይሰጠናል፤ ቢያንስ ክብሬን ይዤ እሞታለሁ። ወንድሜ ፊቴን ሲያይ የጠበቀው ይህንን እምቢታ ይመስለኛል፤ ፈርቶትም ነበር። ግን እዚያ ክፍት ጉድጓድ አጠገብ ቆሜ የማስበው እሱን አልነበረም። እናቴን ነው። እናቴ በሰው ፊት ገላዋን የማትከፍት ሴት ነበረች። ሰፈራችን ሁሉ ወደ ሕዝብ መታጠቢያው ሲሄድ እሷ ሊዘጋ ሲል፣ ውሃው ከቆሸሸ በኋላ፣ ባዶ ሲሆን ነበር የምትሄደው። ሽባ ሆና ስትተኛ ከማዘጋጃ ቤቱ የሚመጡትን አስታማሚዎች ትነክስ ነበር። እትዬ ኖሪኤ አንድ ቀን ሞክራ እያለቀሰች ወጣች። ማሱኤ ብቻ ዘዴውን አገኘችው፤ መብራቱን አጥፍታ፣ በጨለማ፣ በእጇ እየዳሰሰች ታጥባት ነበር። ከክፍሉ የሚሰማው የውሃ ጠብታና የእናቴ «እሺ፣ እሺ» ማለት ብቻ ነበር። አሁን ይቺ እናቴ ከማታውቃቸው ወንዶችና ሴቶች ጋር ተገልብጣ፣ አጥንቷ ባጥንታቸው ላይ ተበትኖ ተኝታለች። የሚያውቃት አንድ ሰው እንኳ የለም። አባቴስ? አባቴ በሕይወቱም የታጠበችበትን ባሊ ደፍቶላት አያውቅም።

ስለዚህ ያው ሆነ። ማሱኤን እንደገና አስታማሚ ልናደርጋት ነው፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ አንደኛውን ጊዜ እንዳልጠየቅናት። ይህን ጋሼ ገና ስልክ ሲደውል አስልቶታል። በዚህ ቤት የማይቻለው ነገር ሁሉ መጨረሻው ለማሱኤ ነው የሚተወው።

«አመጣታለሁ» አልኩ።

ጋሼ ትከሻው ወረደ። ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ» አለ፣ ቀጥሎም «አመሰግናለሁ»፤ የቱ ለየቱ እንደሆነ አላወቅኩም። እትዬ ኖሪኤ መሐረቧን አወጣች። ታካያሱ ከሩቅ ባንዲራዋን አንስታ አውቶቡሱ እየጠበቀ መሆኑን ነገረችን፤ ሌሎቹ መሄድ ጀምረው ነበር። እኔ ግን ወደ ልጁ ተጠጋሁ። ክዳኑን ሊመልስ ጎንበስ ብሏል።

«ልጄ፣ እናቴ የገባችው ባለፈው ወር ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ገብቷል?»

«አዎ አባባ። በየሳምንቱ ይገባሉ።»

«እንግዲህ እናቴ ከሥር ናት ማለት ነው። ሚስቴ ስትገባ ከላይ ትቀራለች።»

ልጁ ከሆቴል አስተናጋጅ ድምፁ ወጥቶ፣ እንደ ሰው፣ ዝቅ ብሎ መለሰልኝ። «እንደዚያ እንኳ አይቆይም። ሲሞላ ክምሩ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል በዘንግ እንደለድለዋለን።»

«ዘንጉን አሳየኝ።»

ጋሼ «ኢሳሙ፣ ሰውን አታስቸግር» አለ ከኋላዬ። ልጁ ግን ከምስሉ ጀርባ ሄዶ አመጣው። ቀርከሃ ነው፣ ረጅም፣ ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት የተቸነከረበት። ሩዝ ሲሰጣ እንደሚደለደልበት ያለ። ያዝኩት። ቀላል ነው። እንጨቱ ላይ ነጭ ዱቄት አለ።

«የእሷን ቀን እኔ ልደልድል» አልኩት።

«አዝናለሁ አባባ። ለቤተሰብ አይፈቀድም። የቤተሰቡ ዋና ራሱ ካስፈቀደ ብቻ ነው።»

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት። እሱ ግን አውቶቡሱን እያየ ነበር፤ ዓይኑ ጨፈን ጨፈን ይላል። ዘንጉን ለልጁ መለስኩለት።

«እንግዲያው አንተ ነህ» አልኩት። «ስትደለድል ወደ ታች ግፋት። እናቴ ከታች ናት።»